ከኩንታሉ በፊት ደብተሩ

በዓል ሲቃረብ በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ላይ የምናየው ሰልፍ ለሁላችንም የታወቀ ነው። የዱቄት ከረጢትና ባለ 5 ሊትር ዘይት ይደረደራል፣ ከኋላ የለጋሹ ስም የታተመበት ባነር ይወጠራል፣ አረጋውያን ከማለዳ ጀምረው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በአንድ የትንሣኤ ዋዜማ አራት ኪሎ አካባቢ እንዲህ ባለ ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቼ ነበር። ንግግሩ አልቆ፣ ፎቶግራፉ ተነሥቶ፣ እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ካመሩ በኋላ፣ ሰማንያ ዓመት ሳይሞላቸው የማይቀሩ አንዲት እናት 25 ኪሎ ዱቄታቸውን ፊት ለፊታቸው አቁመው ተቀምጠው ቀሩ። በመጨረሻ አንድ የሰፈር ጎረምሳ ተሸከመላቸው። ቤት ሲደርሱ የሚከፍሉት ብር ስላልነበራቸው ከዱቄቱ በጣሳ ሰፍረው ሰጡት፤ ልጁም እምቢ አላለም። እርሱም ቤት የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ኋላ ሰማሁ።

ይህን የማነሣው ለጋሾቹን ለመንቀፍ አይደለም። ዱቄቱ ስንት ሌማት ከባዶነት አድኗል። ነገር ግን በዚያ ደጃፍ ከተሰበሰብነው ሁሉ መካከል እኚህ ሴት 25 ኪሎ መሸከም እንደማይችሉ፣ ቤታቸው በደረጃ ቁልቁል የሚወረድበት ጓሮ ውስጥ እንደሆነ፣ ዱቄቱን አቡክቶ የሚጋግርላቸው እንደሌለ አስቀድሞ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የእኔም ክርክር ከዚህ ይነሣል። በመሀል አዲስ አበባ ለችግር የተጋለጡ አረጋውያንን፣ ወጣቶችንና ቤተሰቦችን በመደገፍ ረገድ ይበልጥ ያጠረን ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ሰው ይዘው የሚሠሩትን ትንንሽ የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበራት ግን ለጋሹም ሆነ ከተማውን እንደገና የሚሠራው አካል ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም።

ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ማኅበር አለ። አንዲት ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ጆንያ የተደረደረበት ጥግ፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮዎች የተጻፉበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፤ ሀብቱ ይኸው ነው። አስተባባሪዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ሲሆኑ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» እያለ ይጠራቸዋል። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ደብተራቸው ነው። በሌላ ቦታ የማየው መዝገብ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ፊርማ የሚል ነው፤ የእርሳቸው ግን የተዘጋጀው በበር ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ። በገጹ ላይ በዚያ ቤት የሚያድረው ማን እንደሆነ፣ ማን የደም ግፊት ማን የስኳር መድኃኒት እንደሚወስድና መቼ እንደሚያልቅበት፣ ትርፍ ቁልፉ የትኛዋ ጎረቤት ዘንድ እንደተቀመጠ፣ ማን ማንን እንዳኮረፈ ሳይቀር ተጽፏል። የተጻፈው በእርሳስ ነው። «እስክሪብቶ አልወድም፤ የሰው ነገር ይለዋወጣል» አሉኝ። አንዱን ገጽ ሲገልጡ «ከሰኞ ጀምሮ መስኮቱ አልተከፈተም» የሚል አነበብሁ፤ ከሥሩ ደግሞ «በጎረቤት ቁልፍ ገባን፤ ወድቀው ነበር፤ ሐኪም ቤት ደርሰዋል» ይላል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ቀን ነው። ይህን ሥራ የትኛውም የበዓል ማዕድ ሊሠራው አይችልም።

በር መቁጠር ሰው ከመቁጠር የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። በእቅድ ሰነዶች ላይ አረጋውያን አንድ ረድፍ፣ ሥራ አጥ ወጣቶች ሌላ ረድፍ፣ ተጋላጭ ቤተሰቦች ሦስተኛ ረድፍ ናቸው፤ በሰፈር ውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ጣራና አንድ ምድጃ ይጋራሉ። ከደብተሩ ገጾች በአንዱ ላይ አያት፣ የ20 ዓመት የልጅ ልጅና የ10 ዓመት እኅቱ ይገኛሉ። የልጆቹ እናት ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ጠፍቷል። አያትየዋ ዕድሜያቸውን በሙሉ በየሰው ቤት ልብስ በማጠብና እንጀራ በመጋገር ያሳለፉ ናቸው። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው በዚያን ጊዜ ጉልበታቸው ደክሞ ነበር፤ ባይደክምም የቅጥር ደብዳቤ የሌለው ሰው በጡረታ መዝገብ ስሙ አይገኝም። ዛሬ በመሀል ከተማው የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ከምናገኛቸው አረጋውያን ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ጉሊት የቸረቸሩ፣ ጠላ የጠመቁ፣ ጥጥ የፈተሉ፣ በሰው ግቢ ዘብ ያደሩ። ሲሠሩ ኖረው ሳለ «ሥራ የሠሩበት ማስረጃ» የላቸውም።

ልጅቱ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለምትማር ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁርስና ምሳዋን እዚያው ትበላለች። የተማሪዎች ምገባ ይህቺ ከተማ ከሠራቻቸው መልካም ሥራዎች አንዱ መሆኑን ለመናገር አላመነታም። ይሁን እንጂ ቅዳሜና እሑድ አለ፤ ክረምትም አለ። ሲስተር እንደሚሉት የዚያ ቤት ሽሮ የሚያልቀው ሁልጊዜ እሑድ ነው።

ወንድምየው በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ የቀሩት ልጆች የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ይህኛው አንዳንድ ቀን የታክሲ ተራ ያስከብራል፣ አንዳንድ ቀን ዕቃ ይሸከማል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እስከ ቀትር ይተኛል። ማኅበሩን የጠየቀው የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና እንዲከፈልለት ነበር። ከማኅበሩ አባላት ተዋጥቶ ተከፈለለት። ወጪው በደብተሩ ላይ የተመዘገበው «የወጣቶች ሥልጠና» ተብሎ ሳይሆን በአያቱ ገጽ፣ ከመድኃኒታቸው ሥር ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ መልሳቸው አጭር ነበር፤ «እርሱ ሲሠራ የማን መድኃኒት ነው የሚገዛው?» አሉ።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ነገር ፈጽሞ አልሳተውም። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለሚችለው የአካባቢ ልማት ሥራ፣ ለማይችለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ ታስቦ የተቀረጸ ነው። የከተማ ስፋት ያለው ፕሮግራም ግን መስኮት አለመከፈቱን አያይም፤ ይህንንም ከእርሱ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ትልልቆቹ የበጎ አድራጎት ተቋሞቻችን እንኳ መነሻቸው ትንሽና ቅርብ ነበር። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሥራቸውን የጀመሩት በ1972 ዓ.ም. ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም በሄዱበት ጊዜ በረኃብ መካከል ካገኟቸው ሁለት ሕፃናት ነው። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ዛሬ ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ ያኖራል። እነዚህ ተቋማት ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ሆኖም የእነርሱ ድርሻ የወደቀውን ማንሣት ነው፤ የሰፈሩ ማኅበር ድርሻ ደግሞ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ከጎረቤቱ እንዳይለይ መያዝ ነው። ቤት ያለው፣ ነገር ግን በሩን የሚያንኳኳለት ያጣ ሽማግሌ ለመቄዶንያ ገና ነው፤ ለብቻው ለመኖር ደግሞ አልፎበታል።

ይህ ጎረቤት ጎረቤቱን የመጠበቅ ልማድ ከውጭ የመጣ አይደለም። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው፣ ከየገጠሩ የፈለሰው ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ቀባሪ እንዳያጣ ሲል ነው። በአንድ ወቅት መንገድ እስከመሥራት የደረሱ እድሮች ነበሩ፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ቀበሌን ካቋቋመ በኋላ ግን ሥራቸው ወደ ቀብር ብቻ ጠበበ። ኤች አይ ቪ ሰፈሮቻችንን ባጠቃበት ዘመን፣ በተለይም ነጻ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ በየሳምንቱ ድንኳን ሲተክሉ የከረሙ እድሮች «ሰው ከሞተ በኋላ ከምናዋጣ በሕይወት ሳለ ብንደግፈውስ?» ብለው ሕሙማንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀመሩ። እኔ የማውቀው ማኅበርም የተወለደው ከእንዲህ ያለ እድር ነው። ድስቱና ወንበሩ ዛሬም የእድሩ ነው።

እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚያዳክመው ምንድን ነው? አንደኛው የለጋሽ ልማድ ነው። ለጋሽ ዱቄት ይሰጣል፣ ዘይት ይሰጣል፣ ቤት ያድሳል፤ በየቤቱ እየዞረ ለሚጠይቅ ሰው ደመወዝ ስጥ ሲባል ግን «ገንዘቤ ለድሃው ይድረስልኝ» ይላል። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ሲወስን ክፉኛ የተነቀፈው፣ አፈጻጸሙ ትራንስፖርትንና ለሥራው የሚቀጠርን ሰው ደመወዝ ጭምር በአስተዳደር ወጪነት ያስቆጥር ስለነበረ ነው። እርሱን የተካው ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም አስተዳደራዊ ወጪ የሚለውን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ግንኙነት በሌለው ወጪ ብቻ በመገደቡ የተሻለ ነው። ሕጉ ተስተካክሏል፤ የእኛ አስተሳሰብ ግን ገና በ2001 ዓ.ም. ላይ ቆሟል። የሲስተር የታክሲ ሒሳብ እርዳታ ነው፤ መስኮቱን ያዩት እርሳቸው ናቸውና። (ለቡና በምናወጣው ገንዘብ መጠን በየወሩ በቴሌብር የሚልኩ 50 ሰዎች ቢኖሩ ማኅበሩ አንዲት ወጣት ጠያቂ ሊቀጥር ይችል ነበር። በዓል ጠብቆ ከሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።)

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ተነሥቷል። ስለ መንገዱ ውበት፣ ስለ አሮጌዎቹ ቤቶች መጎሳቆል የሚባለውን እዚህ አልከራከርበትም፤ ለብዙዎች የራስ መጸዳጃና የራስ ቧንቧ ያገኙበት የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑንም አውቃለሁ። የምከራከረው በሌላ ነገር ላይ ነው። ተነሺው ምትክ ቤት ሲሰጠው የክፍሉ ብዛት ይታያል፣ የውል ሰነዱ ይመረመራል፤ ትርፍ ቁልፉን ትይዝለት የነበረችው ጎረቤት ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተጻፈችም። እርሱ ገላን ጉራ ሲደርሰው፣ እርሷ ሌላ ዳርቻ ይደርሳታል። ለወጣትና ለሠራተኛ ሰው ይህ የታክሲ ሒሳብ ጉዳይ ነው። የ75 ዓመት አዛውንት ግን ያጣው ከፋርማሲ መድኃኒት የሚያመጣለትን፣ ሲታመም ለልጁ የሚደውልለትን፣ እሑድ ቡና የሚጠራውን ሰው ነው፤ ይህም በካሬ ሜትር አይለካም።

ሲስተር የተነሡትን ሰዎች ገጾች ከደብተሩ አልቀደዷቸውም። በጠርዛቸው ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት አድርገው አዲሱን አድራሻና ስልክ ጽፈዋል። በ15 ቀን አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስና በታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ በአንድ ቀን የሚደርሱት ከአራት ቤት አይበልጥም፣ አሳንሰር የማይሠራበት ሕንፃ ከሆነ ደግሞ ጉልበታቸው ለሦስትም አይበቃም።

ሊደረግ የሚችለው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የምትክ ቤት ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ወረዳው የተነሺዎቹን ዝርዝር ለእድሩ ዳኛና በአካባቢው ለሚሠራው ማኅበር ቢያሳይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ከሚጠይቋቸው አንድ ወይም ሁለት ጎረቤቶች ጋር በአንድ ሕንፃ እንዲመደቡ ማድረግ ይቻላል፤ ዕጣውን በነፍስ ወከፍ ከማውጣት ይልቅ በቡድን ማውጣት ማለት ነው። በአዲሱ መንደር ከሚሠሩት ሱቆችና ቢሮዎች መካከል አንዲት ክፍል ለእድሩ ብትሰጥ ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ደብተሩም ማረፊያ ያገኛል። ሲስተር ይህንኑ በሁለት ገጽ ጽፈው ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ካስገቡ ወራት አልፈዋል። እስካሁን ያገኙት መልስ፣ ደብዳቤው መግባቱን የሚገልጽ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቁጥር ነው። ቁጥሩንም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ ጽፈውታል።