ሀገር ሰጠናችሁ፤ መልሱስ?

የሳይንስ ልብ ወለድ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ዛሬስ ይውጣልኝ። አንባቢን ማጓጓትና አንባቢን ማፈን አንድ አይደለም!

የእንቆቅልሽን ሕግ መንዝ ውስጥ በግ የሚጠብቅ ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ጠያቂው ፍንጩን ይሰጣል፣ መላሹ ይሞክራል፣ ካቃተው «አንኮበርን ሰጠሁህ» ይላል፤ ጠያቂውም ሀገሩን ተቀብሎ መልሱን ይነግራል። እናንተ ግን ፍንጩን ትደብቃላችሁ፣ ሀገሩን ትወስዳላችሁ፣ መልሱን ደግሞ «ክፍል 2 ላይ ይጠብቁን»! ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

ከሁሉ የሚያቃጥለው በ«እኔ» የሚተረከው ነው። ባለታሪኩ ገጽ 3 ላይ ደብዳቤ ይከፍታል፣ ያነባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደብዳቤው ምን እንደሚል የምንሰማው ገጽ 190 ላይ! የሰውየውን ዓይን አውሳችሁን ስታበቁ፣ ዋናው ነገር ሲመጣ ትጨፍኑብናላችሁ። የጣርማበር ጉም እኮ ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም እኩል ነው የሚጋርደው፤ ሁለቱም ስለማያዩ ፍርሃቱ የጋራ ነው። ሾፌሩ ጥርት አድርጎ እያየ የተሳፋሪው ዓይን በጨርቅ ሲታሰር ግን ሰው ገደሉን መፍራት ትቶ በሾፌሩ ይናደዳል።

ደብረ ብርሃንን ተመልከቱ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ከተማዋም ስሟን ከዚያ አገኘች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ያዩት ሰዎች ያዩትን አልሸሸጉም፤ ይኸው ከ500 ዓመት በኋላም ያወያያል።

እናንተማ ከማንም የተሻለ መደበቂያ አላችሁ፦ ቁጥር! ባለታሪኩ ጨረቃ ላይ መሆኑን መሰወር ካማራችሁ «ምድር ለጥያቄዬ የመለሰችው ከሁለት ሰከንድ ተኩል በኋላ ነው» ብላችሁ እለፉ። የሬዲዮ መልእክት እንደ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ደርሶ መልሱን ያሰላ ያገኘዋል፣ ያላሰላም አልተዋሸም። ማርስ ከሆነ ደግሞ መልእክት ለመሄድ ብቻ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከምድር ጋር 200 ገጽ ሙሉ አፍ ለአፍ አስወርታችሁ «ለካስ ማርስ ላይ ነበርን» ማለት ማጭበርበር ነው።

ወይም መንደሩ ያለው በሚሽከረከር የጠፈር መርከብ ውስጥ ነው፣ ሽክርክሪቱም ሰዉን ወለሉ ላይ ያቆመዋል፣ ነዋሪዎቹም አያውቁም እንበል። የምድርን ያህል ክብደት እንዲሰማቸው መርከቡ በደቂቃ 2 ጊዜ ከዞረ ከመሃል እስከ ወለል 224 ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ 56 ሜትር ብቻ ከሆነ በደቂቃ 4 ጊዜ ይዞራል። በዚህች በትንሿ መርከብ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተንቆረቆረ ቡና፣ እስኪወርድ ወለሉ ስለሚዞር፣ ካነጣጠሩበት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። እንግዲያው ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጀበናውን ሁልጊዜ ከሲኒው ትንሽ ገለል አድርጋ ትቅዳ። እዚያው ተወልዳ ስላደገች እሷን አይደንቃትም፣ እኛ ግን አይተናል። የቅኔ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ወርቁን ኪሱ ውስጥ አይደብቀውም፣ እዚያው ሰሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ጎረቤቱ ማሽን ከሆነም በኅዳር ንጋት ደብረ ብርሃን ላይ አቁሙት። ውርጩ ሣሩን አንጥቶ፣ የሰው ሁሉ አፍ እየጨሰ ሲያወራ፣ የእሱ ትንፋሽ ብቻ አይታይ። አንድ መስመር ይበቃል።

ረቂቁን ስትጨርሱ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ምሥጢር ባለታሪኩ ያወቀበትን ገጽ፣ አንባቢ ያወቀበትን ገጽ፣ ፍንጮቹ ያሉበትን ገጽ ጻፉ። በእሱ ዓይን እያየን ባለታሪኩ ቀድሞን ካወቀ፣ ወይ ያኔውኑ ንገሩን ወይ ትረካውን ለማያውቅ ሰው ስጡ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ዝሩ፤ አንዱ ሲያመልጠን ሌላው ይይዘናል።

ከተናገርነው ጉጉቱ ይሞታል ብላችሁ አትስጉ። አየሩ የሚበቃው ለ9 ሰዓት ነው፣ አዳኟ መርከብ ግን ለመድረስ 11 ሰዓት ይፈጅባታል በሉን። ገጽ 3 ላይ በሉን፤ እስኪነጋ ቁጭ ብለን እናነባለን።