የአክስቴ አውራ ጣት

ወገኖቼ፣ በአንድ ሕዝባችን ስም ሁለት ፓርቲ የምትመሠርቱ፣ የብሔረሰባችንን ስም እዚህ አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ክረምት አጎቴን የቀበርን በሦስተኛው ቀን ነው። አክስቴ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ነውና ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። አንድ የሰፈራችን ልጅ የፓርቲ መሥራች አባላት የሚፈርሙበትን ፎርም ይዞ ገባ። "እማማ፣ ለሕዝባችን ነው" አላት። አውራ ጣቷን ይዞ ቀለም አስነካና ወረቀቱ ላይ ጫነው። ሰዓት ሳይሞላ የሌላኛው ፓርቲ ልጅ ደረሰ። እሱም "ለሕዝባችን ነው" አላት። የመጀመሪያው ቀለም ገና ከጣቷ አልለቀቀም ነበር። አክስቴ ማንበብ አትችልም። የሴፍቲኔት ምዝገባ መስሏት ነው።

ሁለት ቦታ መፈረሟ ሲታወቅ አንደኛው ወገን "ከሃዲ" አላት፤ ሌላው "የተገዛች" አላት። ለአርባው ግማሹ እድርተኛ ቀረ። ያፈላችው ቡና በረደ። "ምን አጠፋሁ?" ትለኛለች እስከ ዛሬ።

አታፍሩም? በሐዘንተኛ ጣት ነው ፓርቲ የሚመሠረተው?

የሁለታችሁንም ፕሮግራም አንብቤአለሁ። ያው መንገድ፣ ያው ውኃ፣ ያው የራስ አስተዳደር። ልዩነቱ ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። የክልል ፓርቲ ለመመዝገብ 4,000 መሥራች አባል ያስፈልጋል። እንደኛ ያለ ትንሽ ሕዝብ ለሁለት ፓርቲ 8,000 ሰው ከየት ያመጣል? ከለቅሶ ቤት ነዋ!

ደግሞስ ለምን? በፌዴሬሽን ምክር ቤት ሚሊዮን ላልሞላን ለእኛ ያለችው አንዲት ወንበር ናት። በምርጫ ደግሞ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ሁለተኛ ለወጣ የሚተርፍ የለም። ከመቶ 60 ሆነን 30፣ 30 ብንካፈል ባለ 40ው ይወስደዋል። ይህን ለማስላት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እናንተ ግን ገብታችኋል።

ጥር 29 ቀን 2015 ለሕዝበ ውሳኔው በአንድ ሰልፍ ቆመን ነበር። አዲስ ክልል ይመሥረት ብለን። አክስቴም ምርኩዟን ይዛ ቆማለች። ክልሉ ነሐሴ ላይ ሲመሠረት ዕልል ያለችውን አልረሳም። ያኔ የማን ደጋፊ ነሽ ያላት አልነበረም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የመጀመሪያው ፎርም ላይ ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ "ጽሕፈትህ ያምራል" ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ ጻፍኩ። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። እሷን ሲሰድቧትም ዝም አልኩ።

በቀደም ሁለቱን ልጆች አንድ ሚኒባስ ውስጥ አየኋቸው። ሰላም አልተባባሉም። ሂሳቡን ግን አንደኛው ለሁለት ከፈለ። ሌላው ቀና ብሎ አላየውም፤ ግን "ተው" አላለም።

የአጎቴ ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። አክስቴ ቡና ታፈላለች። ሁለታችሁም ኑ። ፎርሙን ቤት ትታችሁ ኑ።