የቲኋና ታክሲ ሹፌሮች

ጥፋቱ የእኔ ነው። አፌን ዘግቼ መንዳት እችል ነበር።

ቀኑ መስከረም 3፣ 2018 ነው። የበዓሉ ዶሮ ገና ከፍሪጅ አላለቀም። ዳሽቦርዴ ላይ ልጄ የሠራችልኝ የወረቀት አደይ አበባ ተለጥፏል። ላስ ቬጋስ ግን በሌላ በዓል ሰክራለች። የሜክሲኮ ነጻነት ሰሞን ነው። ማታ ደግሞ ሜክሲኳዊው ቦክሰኛ ካኔሎ አልቫሬዝ ከአሜሪካዊው ቴረንስ ክሮፎርድ ጋር በአሌጂያንት ስታዲየም ይጋጠማል። ፍሪሞንት ጎዳና ላይ አራት ሰው ጫንኩ። ከፊት ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ። ከኋላ አንድ አባት፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደ ልጁና የሚስቱ ወንድም። አባትየው የኩሊያካን ሰው ነው፣ አማቹ የቲኋና። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በሩ ሳይዘጋ ነው። ሜክሲኳዊም እንደ እኛው ነው፤ ስሙን ሳይነግርህ አገሩን ይነግርሃል።

መንገዱ ተዘጋግቷል። ዝምታው ከበደኝና፣ «ለመሆኑ ከሜክሲኮ ቦክሰኞች ትልቁ ማነው?» አልኩ።

«ይሄ ይጠየቃል? ቻቬዝ!» አለ አባትየው። ልጁ «ካኔሎ» አለ። አማቹ «ኤሪክ ሞራሌስ» አለ። ሦስቱም እኩል ነው የወጡት፤ ደወል የተደወለ ይመስላል። ትንሽ ጸጥ ሲል ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ሳልቫዶር ሳንቼዝ» አሉ።

እኔ ክርክሩ በቀበቶ ብዛት የሚጀመር መስሎኝ ነበር። የተጀመረው በድህነት ነው። ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ያደገው በተጣለ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ነው አለ አባትየው። ልጆቹ ብዙ፣ አባታቸው የባቡር ሠራተኛ። ልጁ፣ ካኔሎም በልጅነቱ አውቶቡስ ላይ እየወጣ ባለ እንጨት አይስክሬም ይሸጥ ነበር ብሎ ተከራከረ። «አይስክሬም!» አለ አባትየው። «አይስክሬም ያለበት ቤት ድሃ ይባላል?» አማቹ ሞራሌስ የቲኋና ዞና ኖርቴ ልጅ መሆኑን፣ አባቱ ጂም ውስጥ ጓንት እየሸተተ ማደጉን አስመዘገበ። ከቀበሌ የድሃ ድሃ ማስረጃ ማምጣት ብቻ ነው የቀራቸው።

«ባሬራስ?» አልኩ። ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ ከሞራሌስ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋጥሞ ሁለቱን አሸንፏል። (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፦ 2000፣ 2002፣ 2004።)

«ሕግ ይማር ነበር» አለ አማቹ። የተናገረበት ድምፅ «በሌብነት ታስሮ ነበር» የሚባልበት ድምፅ ነው። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሬራ ተሰናበተ። ሁዋን ማኑዌል ማርኬዝም ተነሳ። 2012 ላይ ፊሊፒናዊውን ፓኪያዎን ስድስተኛው ዙር ሊያልቅ አንድ ሴኮንድ ሲቀረው በአንድ ቡጢ በግንባሩ የደፋው። እሱም የሂሳብ ትምህርት አለበት ተብሎ ከባሬራ ጎን ተቀመጠ። በካሜራ ፊት ሽንቱን የጠጣው ሊታሰብለት ይገባል ብል፣ እሱ ለስፖርት እንጂ ለችግር አይደለም ተባልኩ።

ከዚያ አባትየው ቁጥር አወጣ። ቻቬዝ እስከ 1994 ድረስ 89 አሸንፎ አንድ አቻ ወጥቷል፤ ያሸነፈው ሰው አልነበረም።

«88 በል» አለ አማቹ። «አንዷ የወረቀት ናት።»

እውነቱን ነው። 1981 ላይ እዚያው ኩሊያካን ውስጥ ቻቬዝ የዙሩ ማብቂያ ደወል ሲደወል ሚጌል ሩይዝን መትቶ ጣለው፤ ዳኛውም ከውድድር አስወጣው። በማግስቱ ማናጀሩ ኮሚሽኑ ዘንድ አቤት አለና ውጤቱ ተገለበጠ። እኛ ዘንድ ከቢሮ የሚጠፋው ፋይል ነው፤ እዚያ ሽንፈት ጠፋ። አባትየው ግን ንቅንቅ አላለም። «ደወሉ ነው ቀድሞ የተደወለው» አለ።

ሜልድሪክ ቴይለር ሲነሳ መኪናው መናወጥ ጀመረ። ማርች 17፣ 1990፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ። ቴይለር ከሦስቱ ዳኞች በሁለቱ ወረቀት ላይ እየመራ ነው። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ቻቬዝ ይጥለዋል። ቴይለር ይነሳል፤ የመሐል ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ደህና ነህ ወይ ቢለው መልስ የለውም። ስቲል ግጥሚያውን ያቆማል። የቀረው ሁለት ሴኮንድ ነው።

«ሁለት ሴኮንድ!» አለ አማቹ።

«ሰውየው ቆሞ ተኝቷል እኮ!» አለ አባትየው። «ሁለት ሴኮንድ ቢጨመርለት ይሞት ነበር።»

ይህን ክርክር ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሲደግሙት ኖረዋል። ያስታውቃል። አንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው የሚገባበትን ቦታ ያውቃል፤ እንደ ቅኔ ማኅሌት። አባትየው ወደ እኔ ወንበር ተጠጋና ጣቱን ከቀኝ ጎድኔ ሥር ሰካው። «ጉበት እዚህ ነው» አለኝ። የሜክሲኮ ቦክስ ምሥጢሩ ይቺ ናት፦ በግራ እጅ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጉበት። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይወድቃል። ጉበቱን የተመታ ግን ሁሉን እያወቀ እግሩ ይከዳዋል። እኔ ጉበትን የማውቀው በዱለት ነው። መሪውን ይዤ እንደምንም ተነፈስኩ።

አሁን ተራው የልጁ ነው፤ ምስኪን። ካኔሎ በ2021 በክብደት ምድቡ ያሉትን አራቱንም የሻምፒዮን ቀበቶዎች ሰብስቧል፤ ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ ጎልፍ ይጫወታል። «ጎልፍ!» አለ አባትየው፣ እጁን ወደ ጣሪያው ሰዶ። አማቹ ደግሞ 2018ን አነሳ። ካኔሎ ክለንቡተሮል የሚባል የተከለከለ የጡንቻ መድኃኒት ተገኝቶበት፣ የበላሁት ስጋ ነው ቢልም ስድስት ወር ታግዷል። «እኔ የዚያን አገር ስጋ አርባ ዓመት በልቻለሁ» አለ አማቹ፣ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ቦርጩን እያሳየኝ። «የቱ ጋ ነው ጡንቻው?» በመስታወት አየሁት። ሙግቱ ጠንካራ ነው።

ይባስ ብሎ ይኸው አማች በ2017 ለጎሎቭኪን እንደጮኸ አመነ። ጎሎቭኪን የካዛኪስታን ሰው ነው። ግን እኔ የምዋጋው በሜክሲኮ ስታይል ነው ይል ነበር፤ ብዙ ሜክሲኳዊም ከራሱ ልጅ ይልቅ እሱን ሜክሲኳዊ አድርጎ ተቀበለው። ግጥሚያው አቻ ሲባል አንዷ ዳኛ ለካኔሎ 118 ለ110 ሰጥታለች። ልጁ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። (ያን ማታ ካኔሎ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ተሸነፈ። ልጁ ትዝ አለኝ።)

ሽማግሌው በየመሐሉ ዝምታ ሲገኝ «ሳልቫዶር ሳንቼዝ» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ቀስ ብዬ ለምን አልኳቸው።

«ዊልፍሬዶ ጎሜዝን ታውቀዋለህ? 33 ግጥሚያ፣ 32 ዝረራ፣ ሽንፈት የለም። ሳልቫዶር በመጀመሪያው ዙር ጣለው፣ በስምንተኛው ጨረሰው። 1982 ላይ ኒው ዮርክ ሄዶ የእናንተን አፍሪካዊ፣ የጋናውን አዙማ ኔልሰንን አሸነፈ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ በፖርሼ መኪናው ሞተ። 23 ዓመቱ ነበር።»

መኪናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። አባትየው ሳይቀር ኮፍያውን አወለቀ።

«ቢኖር ኖሮ» አሉ ሽማግሌው፣ «ቻቬዝንም ያሸንፈው ነበር።»

ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ኮፍያ ወልቆ ላም አይጠራም። ደግሞ ሽማግሌው ከየት እንደሆንኩ ጠይቀውኝ ኢትዮጵያ ስላቸው፣ «ማሞ!» አሉኝ። 1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ልጅ ሆነው ከመንገድ ዳር ቆመው አይተዋል። ፈረንጅ ሁሉ አበበን እንጂ ማሞን አይጠራልኝም። ከዚያ በኋላ እሳቸው ያሉትን ሁሉ ባልደግፍም አልቃወምም።

በዚህ መሐል ሳላስበው ዋና ዳኛ ሆኛለሁ። «አንተ ገለልተኛ ነህ፣ ፍረድ» አሉኝ። ቲፑ ታሰበኝ። የማንንም ልብ ላለመስበር ማንም ያልጠራውን ሰው መረጥኩ። «ሪካርዶ ፊኒቶ ሎፔዝ» አልኩ። 51 አሸንፎ፣ አንዴ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለ ሰው ነው።

ከፍሪሞንት ከተነሳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱም ተስማሙ። በእኔ ላይ።

«47 ኪሎ እኮ ነው!» አለ ልጁ። ልክ ነው፤ ሙሉ ሰውየው ለአዲስ አበባ ከሚፈቀዱልኝ ሁለት ሻንጣዎች ብዙም አይበልጥም። የአባትየው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። «አልተሸነፈም» አለኝ፣ በሐዘን። «ምኑን ታወራለታለህ? ቻቬዝ በኦስካር ዴ ላ ሆያ እጅ ደሙ ፈሶ ሲሸነፍ አባቴ አልቅሷል። ለፊኒቶ ያለቀሰ ማነው?» አማቹ ሞራሌስ በፓኪያዎ ሲዘረር ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ነገረኝ። ቦርጩን እያየሁ ዝም አልኩ።

ያዳነኝ ሙያዬ ነው። «እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ፣ ስለ ቦክስ ምን አውቃለሁ» ስል አባትየው በሳቅ ፈነዳ። 1993 ላይ ግሬግ ሆገን የሚባል አሜሪካዊ፣ ቻቬዝ ያሸነፈው እናቴም የምታሸንፋቸውን የቲኋና ታክሲ ሹፌሮች ነው ብሎ ነበር። አዝቴካ ስታዲየም ከ130,000 በላይ ሰው ወጥቶ ጠበቀው። ቻቬዝ በአምስተኛው ዙር ጨረሰው። ከግጥሚያው በኋላ ሆገን ሲጠየቅ፣ እነዚያ ታክሲ ሹፌሮች በጣም ጠንካሮች ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።

«አባቴ ቲኋና ታክሲ ይነዳ ነበር» አለ አማቹ፣ ደረቱን ነፍቶ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጉበቴን ስላልነካኝ አመሰገንኩ።

ስታዲየሙ በር ላይ ስንደርስ አዲስ ጠብ ተነሳ። አባትየው ልክፈል፣ አማቹ በፍጹም። አንዱ የሌላውን ቦርሳ ይይዛል። በእስፓንኛ «በሞቴ» ምን እንደሚባል ባላውቅም እየተባለ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወርደው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ በሩ አዘገሙ። ልጁ ተከተላቸው። አስተናባሪው መኪናዬን እየደበደበ ቶሎ ልቀቅ ይለኛል።

«ሁለት ሴኮንድ!» አልኩት በመስኮት።

አማቹ አንድ እግሩን አውጥቶ ነበር። ቆመ። ፊቱ በራ። «ሰማህ? ሁለት ሴኮንድ ምንም አይደለችም ይላል ሹፌሩ!»

«ለማን?» አለ አባትየው፣ «ለቴይለር?» አማቹን በክንዱ ጎትቶ መልሶ አስገባውና በሩን ከውስጥ ዘጋው።