ክርክር፦ «በሦስት ቀን ጉግል ላይ»

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ አዲስ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው በፍለጋ ቶሎ እንዲገኝ ለባለሙያ ከፍሎ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ደጋፊው በባሕር ዳር ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ተቃዋሚው በደብረ ማርቆስ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ስለ ጎጃም ቅኔ ቤቶች የሚጽፉበት ድረ ገጽ አላቸው። ጽሑፎቹ የቀረቡት በደረሱበት ተራ ነው።

ድረ ገጽ ሠሪው

ድረ ገጽ አሠርቶ የራሱን ስም ጉግል ላይ ጽፎ የሚያጣ ሰው ቢሮዬ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ወደ ዘጌ ገዳማት ጀልባ የሚያከራየው፣ ጢስ ዓባይ የሚያስጎበኘው፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከፍዬ ያሠራሁት የት ገባ?» የትም አልገባም። መኖሩን የሚያውቁት ባለቤቱና የሠራለት ሰው ብቻ ናቸው። የፍለጋ ሞተር ሮቦት፣ ማለትም ገጾችን እየጎበኘ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚጓዘው በሊንክ ነው፤ ማንም ሊንክ ያላደረገለትን አዲስ ድረ ገጽ በምን ያውቀዋል? ስለዚህ መንገር ያስፈልጋል። የድረ ገጽ ባለቤት ገጾቹ ጉግል ላይ ያሉበትን ሁኔታ በሚያይበት በጉግል ሰርች ኮንሶል ባለቤትነትን ማረጋገጥ፣ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ ማስገባት፣ ለዋና ዋናዎቹ ገጾች ደግሞ እንዲመዘገቡ፣ ማለትም ጉግል ከሚፈልግባቸው ገጾች ዝርዝር እንዲገቡ፣ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ቢንግ የተባለው የማይክሮሶፍት የፍለጋ ሞተርም የራሱ መመዝገቢያ አለው። ቢንግና የሩሲያው የፍለጋ ሞተር ያንዴክስ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ኢንዴክስናው በተባለው ዘዴ ደግሞ ገጽ በተጨመረ ወይም በተለወጠ ቁጥር ወዲያው ማሳወቅ ይቻላል። ለሚያውቀው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የማያውቀው ግማሽ ዓመት ይንከራተትበታል። ባለሙያ ይከፈለው የምለው ለዚህ ነው። እኛ የያዝነው ድረ ገጽ በሦስት ቀን ጉግል ላይ ይወጣል።

መምህሩ

ልጄ፣ ሦስት ቀኑን ከየት አመጣኸው? ጉግል በራሱ መመሪያ ላይ የሮቦቱ ጉብኝት ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊፈጅ እንደሚችል ጽፏል። ጥያቄ ማቅረብም ለመመዝገብ ዋስትና አይሆንም ብሏል። አንዱን ገጽ ደጋግሞ መጠየቅ ምንም እንደማያፈጥን እንኳ ሳይቀር ተናግሯል፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ጉግል ራሱ ቀን ያልቆረጠለትን ነገር አንተ ቀን ቆርጠህ ዋጋ ታወጣለታለህ። ጉግል ገጽ ለመጎብኘትም ሆነ ለመመዝገብ ከማንም ገንዘብ አይቀበልም። የተቀበልከውን እንግዲህ ለማን ትከፍለዋለህ?

የገለጽከው ሥራ ሁሉ በነጻ የሚሠራና ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው የሚችለው ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው የሚነበብ ነገር መኖሩ ነው። ስለ ዋሸራ፣ ስለ ጎንጅ፣ ስለ ዲማ ቅኔ ቤት ማወቅ የሚሻ ሰው እኛን ራሱ ፈልጎ ያገኘናል። አንድም ቀን ለማንም ከፍለን አናውቅም።

ድረ ገጽ ሠሪው

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የሁለት ልጆች አባት ነኝና «ልጄ» የሚለው ለክርክሩ የሚጨምርለት ነገር የለም።

«ራሱ ፈልጎ ያገኘናል» ብለዋል። እኔም ልፈልግዎት ብዬ ገባሁ። ድረ ገጽዎን ያገኘሁት በዚህ ክርክር አዘጋጆች አማካይነት አድራሻው ተልኮልኝ እንጂ በፍለጋ አይደለም። ስከፍተው የሆነውን አንባቢ ይፍረድ። ስለ ዋሸራ የተጻፈው ረጅም ጽሑፍ ከታተመ መጽሔት ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው! ጉግል ዋና ዋና ጽሑፋችሁን በምስል ውስጥ አትቅበሩ እያለ ስንት ዓመቱ ነው። ስለ ዲማ ያለው ደግሞ ይብሳል፤ በድሮ የግእዝ ፎንት የተየበ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያሉ ፎንቶች የላቲን ፊደልና ምልክት ላይ የግእዝ መልክ ያለብሱ ነበር። ለእርስዎ ዓይን «ዲማ» የሚመስለው ለሮቦቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ቅንጥብጣቢ ነው። ታዲያ ፈላጊው የሚያገኝዎት በምን ተጽፎ ነው?

ሦስት ቀን ያልኩት ዋናውን ገጽ ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ይመስለኝ ነበር።

መምህሩ

ግልጽ አልነበረም። በመጀመሪያው ጽሑፍህ «ድረ ገጽ በሦስት ቀን» ነበር፤ አሁን አንድ ገጽ ሆነ። በሚቀጥለው ርእሱ ብቻ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

አንድ የማውቀው የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ልክ እንደ አንተ ቀን ቆርጦ ለሚሠራ ሰው ከፍሎ ነበር። ሳይትማፑ ገብቷል፣ ጥያቄው ቀርቧል፣ ቢንግም ተነግሮታል። ሳምንታት አለፉ፤ የለም። ሠሪው ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «ጉግል ዘግይቶ ነው» ነበር። በኋላ አንድ ተማሪዬ ከፍቶ ሲያይ ድረ ገጹ በተሠራበት በዎርድፕሬስ ፕሮግራም ቅንብር ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትነግረዋ ሳጥን ምልክት እንደተደረገባት ናት። ድረ ገጹ በሥራ ላይ ሳለ ገና ያላለቀው እንዳይታይ ተብሎ ነበር ምልክት የተደረገባት፤ ሲያልቅ የሚያነሣው ጠፋ። በአንድ በኩል ሮቦቱን ና ብለው ለመኑት፣ በሌላ በኩል የሚገባበትን በር ዘጉበት። ሰርች ኮንሶል ደግሞ ይህንኑ ምክንያት በግልጽ ጽፎ አስቀምጦ ነበር። የጥድፊያ ንግድ ፍሬው ይህ ነው፤ ለመጠየቅ ይቸኩላል፣ መልሱን አያነብም።

«በሺህ የፍለጋ ሞተሮች እናስመዘግባለን» የሚሉትንም ጨምርባቸው። ጉግል ማንም ሰው አድራሻ የሚያስገባበትን ክፍት ቅጽ በ2018 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። እነርሱ ግን እስከ ዛሬ ያስከፍሉበታል። ደግሞስ ተመዘገበ ማለት ተገኘ ማለት ነው? የማረፊያውን ስም ለጻፈ ሰው መውጣትና «ባሕር ዳር ማረፊያ» ብሎ ለጻፈ እንግዳ መውጣት ሰማይና ምድር ናቸው። ለዚህኛው የሚበጀው ሌሎች የሚታመኑ ድረ ገጾች ስለ አንተ ሲጽፉና ሊንክ ሲያደርጉልህ ነው። እኛ ከቅኔ ቤቶቹ ከወጡ ሰዎች ማኅበራት ጋር ተጻጽፈን ሊንክ አስደርገናል፤ ሮቦቱም በዚያው መጣ።

ድረ ገጽ ሠሪው

ይኸውና! «ራሱ ፈልጎ ያገኘናል» ያሉት ሰው ለካ ደብዳቤ እየጻፉ ሊንክ ሲለምኑ ኖረዋል። እኔ ለጉግል ስናገር ጥድፊያ፣ እርስዎ ለማኅበራት ሲናገሩ ጨዋነት። ልዩነቱ እኔ ደረሰኝ መቁረጤ ይሆን?

የፍኖተ ሰላሙን ሥራ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ግንበኛ ግድግዳ አጣመመ ተብሎ ሰው ሁሉ ቤቱን ራሱ ይሥራ አይባልም። ለሺህ ሞተር የሚያስከፍሉትን፣ ሊንክ በጅምላ የሚሸጡትንም እኔ ነኝ ያልኩ የለም፤ የተገዛ ሊንክ ከጉግል ደንብ ውጭ መሆኑንና ድረ ገጹን ከውጤቱ ወደ ታች ሊያወርደው እንደሚችል ለደንበኞቼ የምነግረው እኔው ነኝ።

መምህሩ

ስለ ሦስት ቀኑ ዝም ብለሃል፤ ልብ ብያለሁ።

ሌላ ልጠይቅህ። የደንበኞችህ ሰርች ኮንሶል በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? የፍኖተ ሰላሙ ሰው ችግሩን ራሱ ያላየው መግቢያው በሠሪው እጅ ስለነበር ነው። የዶሜይኑ ስም፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ ሳይቀር የተመዘገበው በሠሪው ስም ነበር። ሰው የራሱን ንብረት ሁኔታ ለማየት ሌላ ሰው ደጅ መጥናት ካለበት የከፈለው ለምዝገባ ሳይሆን ለጥገኝነት ነው።

ድረ ገጽ ሠሪው

በእኔ ኢሜይል ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ደንበኛው ኢሜይሉን በመንገድ ላይ ባለ ስልክ ቤት አስከፍቶ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ነው የሚመጣው። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለባለቤቶቹ የማረጋገጫ ኮድ ማን ይቀበልላቸው ነበር? ድረ ገጾቹ የተቀመጡት ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ስለነበር ለዓለም ይታዩ ነበር፤ ማየት ያልቻሉት እዚሁ ያሉት ባለቤቶች ነበሩ። መስመር ካለበት ቦታ ሁሉ እየሄድኩ የዶሜይን ዕድሳታቸውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጥገኝነት ካሉት ይበሉት።

መምህሩ

የዚያን ጊዜ ውለታህን አልክድም። ሰርች ኮንሶል ግን ለአንድ ድረ ገጽ ከአንድ በላይ ባለቤትና ተጠቃሚ ይፈቅዳል። ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ አንተ ተጨማሪ ተጠቃሚ ብትሆን በራስህ ኢሜይል ገብተህ ትሠራ ነበር፣ እርሱም ንብረቱን አይነጠቅም። ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይመስለኝም።

ድረ ገጽ ሠሪው

ከመጪው ወር ጀምሮ በውሉ ላይ ይገባል፤ የሚፈልግ ደንበኛ ኢሜይሉን ይዞ ይምጣ። ክፍያው አይቀንስም።

በዋሸራ ጽሑፍ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ በተመለከተ ግን ጋሼ እስከ አሁን አንድ መስመር አልመለሱልኝም። አስተይበው ካመጡ ሳይትማፑን ያለ ክፍያ አስገባለሁ፤ ቀን ግን አልቆርጥም።