ወንበሩ አሁንም በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። አዝኜም ነው።

ከለገጣፎ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አንድ የጥርስ ሕክምና ወንበር አለ። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አዋጥተው የላኩት ነው። የመጣ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሪባን ተቆረጠ። አጠገቡ እየቆምን ፎቶ ተነሣን። ከዚያ መጋዘን ገባ። ለካ ያለ ኮምፕረሰር (አየር የሚያምቅ ሞተር) እና ያለ ውሃ መስመር አይሠራም። ከየቤቱ 300 ብር እናዋጣ ተባለ። አንዱ «መንግሥት ያምጣ» አለ። ሌላው «የላኩት ይጨርሱት» አለ። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው።

ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን እናት ነበረች፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው የገበሬ መንደር። ባለፈው ጥቅምት ጉንጯን በነጠላ አስራ መጣች። «ጋሼ፣ ያ የጥርስ ወንበር መቼ ነው የሚሠራው?» አለችኝ።

«በቅርቡ» አልኳት።

ዋሸኋት። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ስብሰባ ከጠራሁ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ወርዳ የግል ክሊኒክ እንዳታስነቅል ገንዘቡ አልነበራትም። ጎረቤቶቿ ትሉ ይውጣላት ብለው የእምቧይ ፍሬ አጤሱላት። ጥርስን የሚበላ ትል የለም። የሚበላው በአፋችን ያሉ ጀርሞች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ነው። ሥሩ መግል ሲቋጥር ደግሞ እብጠቱ ወደ አገጭና ወደ ምላስ ሥር ይወርዳል፤ ትንፋሽ ይዘጋል። እሷንም ያገኛት ይኸው ነው። መጀመሪያ አገጯ ሥር አበጠ። ቀጥሎ ምራቋን መዋጥ አቃታት። እሑድ ሌሊት በባጃጅ ይዘዋት ሲሮጡ መንገድ ላይ አረፈች።

በአንድ ጥርስ!

ለለቅሶው ግን ማን ቀረ? ሁላችንም ሄድን። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ቡናው ተፈላ፣ ገንዘቡ ተዋጣ። በሁለት ቀን የሰበሰብነው ብር ኮምፕረሰሩን ይገዛ ነበር። ደብተሩ እኔ ዘንድ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ምን ዓይነት ሰዎች ነን? በቁሟ 300 ብር የከለከልናት ሴት ስትሞት ከየት አመጣነው?

እናንተ ለጋሾችም ስሙኝ። ልባችሁን እግዚአብሔር ይባርከው። ግን ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ስለ መብራቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ባለሙያው ጠይቁ። መብራት የማይፈልግ ሕክምናም እኮ አለ። የተበላውን ጥርስ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ የሚሞላው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው። መሙያው ግላስ አዮኖመርና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። አንድ የገጠር ልጅ የጥርስ ሳሙና ቢያገኝ፣ አንድ ነርስ ብትሠለጥን፣ ከዚህ ሁሉ ብረት ይበልጥ ነበር።

ለእሷማ ወንበሩም ባላስፈለገ ነበር። ጉንጯን አስራ በመጣችበት ቀን ማደንዘዣ፣ መንቀያ ጉጠትና አንድ የሠለጠነ እጅ ይበቃት ነበር። የማስነቀያውን ብርስ እኔ ብሰጣትስ? ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። የወተቱን ሒሳብ ከፍዬ በሩን ዘጋሁት። ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ነው።

አሁን ወተቱን የምታመጣው ልጇ ናት። ትምህርቷን አቋርጣለች። ቀና ብዬ ላያት አልችልም።

መዋጮውን እንደገና ጀምሬያለሁ። ከ90 ቤት 14ቱ ከፍለዋል። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ደክሞኛልም። ነገ ከሥራ መልስ የቀሩትን በሮች አንኳኳለሁ። እባካችሁ ክፈቱልኝ።