ካቻቢቴ የማይከፍተው ዕቃ

ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ዛሬም በየበራፉ ተቀምጠው ይሰፋሉ። የሚሰፉት አዲስ ልብስ ብቻ አይደለም። ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ ይጠግናሉ። የታላቁን ሸሚዝ ለታናሹ ያጠባሉ። በሸዋ በር በኩል ደግሞ ከአሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ሐረር ላይ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይሠራዋል?» ተብሎ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን እናቴ ይዛ የሄደችውን የሚሠራ ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የምታበራት፣ ቻርጅ የምትደረግ ፋኖስ ነበረች። ከተገዛች ስድስት ወር እንኳ አልሞላትም። ጠጋኙ አገላብጦ አያት። ብሎን የላትም። ዙሪያዋን በማጣበቂያ ነው የተዘጋችው። «እማማ፣ ይቺ እንድትፈታ ተብላ የተሠራች አይደለችም። ልክፈታት ካልኩ ትሰበራለች» አላትና ካቻቢቴውን ወደ ሣጥኑ መለሰ። እናቴ ማመን አቃታት። የአባቴ ሬዲዮ እኮ ሃያ ዓመት እየተጠገነ ነው የኖረው።

ስለ ዘላቂ ፍጆታ፣ ማለትም አካባቢን ሳይጎዱና ሳያባክኑ ስለመጠቀም፣ የሚወጡ ዓለም አቀፍ ፖሊሲዎችን ሳነብ ትዝ የምትለኝ ያቺ ፋኖስ ናት። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ያጸደቁት አጀንዳ 21 የተባለው የድርጊት መርሐ ግብር፣ ለአካባቢ መጎዳት ዋናው ምክንያት የማይዘልቅ የአመራረትና የፍጆታ ልማድ ነው ይላል። በተለይ የበለጸጉትን አገሮች ይጠቅሳል። በ2012 ስለ ዘላቂ ፍጆታና አመራረት የአሥር ዓመት ማዕቀፍ ጸደቀ። በ2015 ደግሞ ከ17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች 12ኛው ለዚሁ ጉዳይ ተሰጠ።

ይህ ሁሉ ወደ ተራው ሰው ሲወርድ ግን ምክር ሆኖ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ግዙ፣ አታባክኑ፣ ፌስታል አትያዙ። የፌስታሉን ክልከላ እኔም ከልቤ እደግፋለሁ። አገራችን በ2017 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ ዘገየ ቢባል እንጂ ፈጠነ አይባልም። ነገር ግን አንዲት ፋኖስ ብቻ ላላት ሴት «ትንሽ ግዢ» ማለት ምን ማለት ነው? እሷ እኮ ማሠራት ነው የፈለገችው። የተከለከለችው ገና ፋብሪካ ውስጥ፣ ዕቃው ሲነደፍ ነው።

ይህ የገባቸው አገሮች አሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ሲሸጥ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት ከዋጋው አጠገብ እንዲለጠፍ አዝዛ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ጥገናን የሚያበረታታ ሕግ አውጥቷል። ደግ አደረጉ። ስጋቴ ግን እዚህ ላይ ነው። እነሱ ለራሳቸው ገበያ የሚጠገን ዕቃ ሲያስገድዱ፣ የማይጠገነው ማን ጋ ሊራገፍ ነው? በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ገና እ.ኤ.አ. በ1985 መንግሥታት አምራቾችና ሻጮች መለዋወጫ እንዲያቀርቡ ያበረታቱ ብሎ ነበር። ማበረታታት አልበቃም። ግዴታ ይሁን። አስመጪው ዕቃውን ሲያስገባ ባትሪውንና መለዋወጫውን አብሮ ያስገባ። በማጣበቂያ የታሸገ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ይመለስ። ደረጃው ሲወጣም ጠጋኞቹ ይጠየቁ። የቱ ዕቃ ተከፍቶ እንደሚሠራ፣ የቱ ደግሞ እንዲጣል ተብሎ እንደተሠራ የእናቴን ፋኖስ የመለሰው ልጅ ከማናችንም በላይ ያውቃል።