ስህተቱን ቀድሞ የተናገረ ሠራተኛ ምን ይጠብቀዋል?

አገር ቤት የሥራ ስህተት የሚነገርበት መድረክ የለም አይባልም። ግምገማ አለ፣ ግለ ሂስም አለ። የሚያስፈራው እዚያ የተነገረው ቃል የሚሄድበት ቦታ ነው፤ መጨረሻው የግል ማኅደር ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው «አንዳንዴ አረፍዳለሁ» የምትል ቀላል ጥፋት ይዞ ይቀርባል፤ ዋናው ስህተት ሆዱ ውስጥ ይቀራል።

ውጭ አገርም ስህተትን መናገር ለማንም ቀላል አይደለም። ልዩነቱን ያመጡት አደጋና ደንብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ በረራ 514 በዚያው አገር ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተላትሞ የተሳፈሩት 92 ሰዎች አለቁ። አብራሪዎቹ የማረፊያ ፈቃዱን ዝቅ ብሎ ለመብረርም የተሰጠ አድርገው ተረድተውት ነበር። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ በተመሳሳይ አረዳድ ተሳስተው ለጥቂት ተርፈዋል። ለመሥሪያ ቤታቸው ተናገሩ፤ ትምህርቱ ግን ከዚያ ግቢ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረውን የአሜሪካ የበረራ ስህተት ማሳወቂያ ሥርዓት የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤቱ ናሳ እንዲይዘው ተደረገ፤ ፈቃድ የሚነጥቀው ተቆጣጣሪ ቢይዘው ማን ደፍሮ ይጽፍ ነበር? ሳያውቅ የፈጸመውን ጥሰት በ10 ቀን ውስጥ ያሳወቀ አብራሪ ከቅጣት ሊድን ይችላል። ስሙ ያለበት ክፍልም ከቅጹ ተቆርጦ ይመለስለታል።

ይህን በአንድ የሥራ ክፍል ለመጀመር አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስህተቱ በታወቀ በ2 ቀን ውስጥ፣ ሳይረሳ። በሰዓት ቅደም ተከተል፦ ምን አየሁ፣ ምን መሰለኝ፣ ምን አደረግሁ። «ምን መሰለኝ» የምትለዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ትምህርቱ ያለው ግን እሷ ውስጥ ነው። ለምሳሌ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሁለት መድኃኒቶች ማሸጊያ ከተመሳሰለ ነገ ተረኛ የሚሆነውም ሰው ያው ይመስለዋል። መፍትሔው «ወደፊት ጥንቃቄ ይደረግ» ከሆነ ምንም አልተጻፈም። ሁለቱ መድኃኒቶች በተራራቀ መደርደሪያ ይቀመጡ፤ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርገውም ይጻፍ።

አለቃ የራሱን ገጽ መጀመሪያ ያንብብ፤ የሌላው ሲነበብ ደግሞ መጨረሻ ይናገር። ገጹ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብም ለዝውውርም እንደማይውል በጽሑፍ ይታወቅ። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትና ስርቆት ግን ከለላው አይመለከታቸውም። በጻፈው ገጽ ምክንያት አንድ ሰው እንኳ ከተቀጣ፣ በቀጣዩ ወር የሚቀርቡት ገጾች ሁሉ ስለ ማርፈድ ይሆናሉ።